የክር ሹሩባ

«ይሄማ ለብርድ አንደኛ ነው» አለኝ ነጋዴው።

ያለነው ሎጊያ ነው። ወሩ ሰኔ ነው። ሱቁ በር ላይ ከቆመው ከባድ መኪና ሥር ረዳቱ ጥላ ፍለጋ ገብቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ነጋዴው በአንድ እጁ ካርቶን እያራገበ በሌላ እጁ የሱፍ ክሩን ጉንጬ ላይ ያስጠጋልኛል፣ ሙቀቱን እንድቀምሰው። እንደ ቤተሰቦቼ የወሎ ሰው ነው። የወሎ ሰው አፋር ስንት ዘመን ቢኖር የአገሩን ብርድ ከልቡ አያወጣም መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ብርዱ መቼ ነው የሚገባው? ንገረኝና ልዘጋጅ» አልኩት።

«አላህ ያውቃል» አለኝ ሳይስቅ።

ገዛሁት። ምን ላድርግ? ሎጊያ ውስጥ ያገኘሁት ጥቁር የሹራብ ክር እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሮዝና የጫጩት ቢጫ ነው። «የስንት ዓመት ልጅ ሹራብ ነው?» ሲለኝ «ሹራብ አይደለም፣ ፀጉር ነው» አልኩት። ፌስታሉን አስሮ ሰጥቶኝ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሰመራ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ስላደገች አፋርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። ትምህርት ቤቱ ለመዝጊያው የወላጆች ቀን የአፋር ጭፈራ ሲያዘጋጅ፣ ከፊት ቆማ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ እንድትሆን መረጧት። የአፋሮቹ ልጆች ሁሉ እያሉ! ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ። ሽንት ቤት ገብታ ዘፈኑን ታወጣለች፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ካልተቀበልኳት በሩን አትከፍትም። አባቷ ሲደውል ስልኩ ላይ ታወጣለች፤ እሱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነውና መኪናውን ዳር ይዞ ይቀበላታል።

ደስታው በዛ መሰለኝ፣ ቆረቆር ወጣባት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ፀጉሯ ተላጨ፣ መድኃኒት ተሰጣት። መድኃኒቱ ሠራ፣ አልሃምዱሊላህ። ሐኪሟ «ድናለች፣ ወደ ማንም አይጋባም፣ ትምህርቷን ትቀጥል» ብላ አሰናበተችን። ለፀጉሯ ግን የዝግጅቱን ቀን የነገረው የለም፤ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲመቸው ነው የሚመጣው።

ትምህርት ቤት በተመለሰች ቀን አንዲት እናት መጥታ ልጇን ከእኔ ልጅ አጠገብ አስነስታ ሌላ ዴስክ ላይ አስቀመጠቻት። በጣም ጨዋ ሴት ናት፤ ልጇን ስታስነሳ እንኳ ፈገግ እያለች ነበር አሉ። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አልጋ ሥር ገባች።

«ውጪ!» አልኳት።

«አልወጣም። ራሴን ያዩታል።»

«ታዲያ ዘፈኑን ማን ሊያወጣው ነው?»

ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ። እኔ ቁጣ ነው የሚቀናኝ፤ ልቅሶ አይሆንልኝም። ያን ጠዋት ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እሷ ከአልጋው ሥር እኔ ከአልጋው ውጭ፣ አብረን አለቀስን።

እንባዬን ጠርጌ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ገና ከደጋ የመጣ ለጋ ልጅ ነው፤ ሙቀቱ ፊቱን ቲማቲም አስመስሎታል።

«ቲቸር፣ ሻሽ አስሬላት ትውጣ» አልኩት።

«አይሆንም፣ ወላጅ። አጣርቻለሁ» አለኝ። «በአፋር ባህል ጥቁር ሻሽ የሚያስሩት ያገቡት ናቸው። እኛ ያዘጋጀነው የልጃገረዶች ጭፈራ ነው፤ ሹሩባቸው መታየት አለበት።»

አናዳጁ ነገር፣ ልክ ነው። ይሄን የማያውቅ የሰመራ ሰው የለም። ልጄን ለጭፈራ ብዬ በዚህ ዕድሜዋ መዳር አልችልም።

«ፀጉሯ ካልደረሰ ከኋላ ትቁምና ታጨብጭብ» አለኝ። «ዘፈኑን ሌላ ልጅ ታወጣዋለች።»

«ሹሩባ ይኖራታል» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

ዊግ ግዢ ያሉኝ አልጠፉም። ሞከርኩ እኮ! ሎጊያ ያለው ዊግ የሙሽራ ነው፤ ዘንፋላ፣ እስከ ወገብ የሚወርድ። ራሷ ላይ ሳደርገው ልጄ ጠፋች፤ ከውስጥ «እማ፣ የት ነሽ?» ስትል ሰማኋት። መለስነው። የቀረኝ አንድ ሙያ ነበር፣ እሱም ኪሮሽ።

ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። እናቴ ቤት ራቁቱን የሚውል ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል፣ ሶፋው ዳንቴል፣ ቴርሙሱ ሳይቀር ቀሚስ ነበረው። እኛ ልጆቹ የምንቀይረው አጥተን ቴሌቪዥኑ የአዘቦትና የዒድ ልብስ ነበረው። እናቴ ኪሮሽ ያስያዘችኝ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ሳድግ ተውኩት፤ «በእኔ ቤት ዕቃ ራቁቱን ይኖራል» ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ደወልኩላት።

«እማ፣ ፀጉር በኪሮሽ ይሠራል?»

«ለቴሌቪዥን የሠራሁ ለሰው ያቅተኛል?» አለችኝ። «ብቻ ጥጥ ያዢ። ጥጥ ይጠጣል፤ ላብ ይጠጣል። ናይለን የልጅ ራስ ይቀቅላል።»

ከመልካ ወረር ዘመድ ከሚያመጣላት ጥጥ ራሷ የፈተለችውን ክር ጥቁር ቀለም ነክራ፣ ወደ ሰመራ በሚመጣ ሚኒባስ ላከችልኝ። ባሌን ደግሞ ጥቁር ክር ከጅቡቲ እንዲያመጣ አዘዝኩት። አመጣ፣ ይባረክ። የሚያብረቀርቅ ናይለን ነው። ቤት ውስጥ ሳየው ጥቁር፣ በር ላይ ወጥቼ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ጣዎስ ላባ ሰማያዊ!

«ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው!»

«ጥቁር ሰማያዊ ነው» አለኝ። «ጥቁርም አለበት። ያው ክር ነው አቦ!»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብዬ ተቀበልኩት። እሱም ስቆ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

እንግዲህ ሦስት ክር አለኝ፣ ሦስቱም ጥፋት አለባቸው። የሎጊያውን ሱፍ ልጄ አንገት ላይ ባስነካው «እማ፣ ጉንዳን አለበት!» ብላ ዘለለች። የጅቡቲው ናይለን ኪሮሹ ላይ ሲጢጥ ይላል፤ ጎንጉኜ ስጨርስ ለቀቅ ሳደርገው ራሱን ፈትቶ ይጠብቀኛል። የአዋሹ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ አያሳክክም፣ አይንሸራተትም፤ ግን ሕይወት የለውም። ከእሱ ብቻ የሠራሁት ሹሩባ የድስት መወልወያ መሰለ። ስለዚህ አዋሀድኳቸው። ራስ ላይ የሚያርፈውን ቆብ ከጥጥ፣ ሹሩባውን ግን አንድ ዘለላ ጥጥ፣ አንድ ሱፍ፣ አንድ ናይለን አድርጌ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። የእኔዎቹ ሦስቱ ተባብረው አንበሳውን ትተው እኔን አሰሩኝ።

ቆቡን ከመሃል አናት ጀምሬ ክብ እየዞርኩ አወረድኩት። ሹሩባዎቹን በኪሮሽ እንደ ቀጭን ሰንሰለት እያስረዘምኩ፣ ሦስት ሦስቱን እየጎነጎንኩ ቆቡ ላይ እሰካለሁ። የምሠራው ማልጄ ነው፤ ፀሐይ ከጠናች እጅ ያልብና ኪሮሹ ያመልጣል። የመጀመሪያዎቹን በችኮላ ሰካኋቸውና ልጄ ራሷን አንዴ ስትነቀንቅ ሁሉም ወለሉ ላይ ረገፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ይሄን ሁሉ ስሠራ ያለ ተቆጣጣሪ አልነበርኩም። ከጎናችን አንዲት የአፋር አዛውንት ይኖራሉ፤ ጥቁር ሻሻቸው ከራሳቸው ወርዶ አላየሁም፣ አፋቸውም ተዘግቶ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ምንጣፍ ያነጥፉና ያዩኛል።

«ይሄ ምንድነው?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ፀጉር ነው፣ እማማ።»

«የማን?»

«የልጄ።»

ሹሩባውን አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ምን በድላሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት፦ «ደረቅ ነው።» አንዱን ሹሩባ በጣታቸው ያሹና «ይሄ ፀጉር ደረቅ ነው» ይላሉ።

«እማማ፣ ክር እኮ ነው!»

«ክርም ቢሆን ደረቅ ነው።»

ከእሳቸው ጋር ክርክር አይዘለቅም። እሺ ብዬ እቀጥላለሁ።

ዝግጅቱ አንድ ቀን ሲቀረው ጨረስኩ። ልጄ ራስ ላይ አጥልቄ መስታወት ፊት አቆምኳት። እኔ ወደ በሩ ራቅ ብዬ አየሁና «ማሻ አላህ!» አልኩ፣ ራሴን ለማበርታት። በአንዱ ሹሩባ ላይ ሰማያዊው ብልጭ ይላል፤ ሱፉ ቆሟል፤ ጥጡ ተኝቷል።

«እማ፣ ፀጉር አይመስልም» አለችኝ።

«ከሩቅ ይመስላል።»

«እኔ እኮ ከፊት ነው የምቆመው።»

ቀስ ብላ አውልቃ እጄ ላይ አኖረችውና ወደ አልጋዋ ሄደች። ወደ ሥሩ። ወላሂ፣ ያን ሰዓት ክርም፣ ኪሮሽም፣ የወላጆች ቀንም፣ ያቺ ጨዋ ሴትም አንድ ላይ ተጠቅልለው አዋሽ ወንዝ ቢገቡልኝ ደስታዬ ነበር። ማልቀስ አልፈለግሁም። ፀጉሩን በውኃ ነክሬ፣ ምናልባት ሲደርቅ ይተኛል ብዬ የልብስ ገመድ ላይ ሰቀልኩትና የፀጉር ሽቦ ልገዛ ሱቅ ወጣሁ።

ስመለስ ገመዱ ላይ የለም።

ጎረቤቴ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የእኔ የክር ሹሩባ ጭናቸው ላይ ነው። አጠገባቸው የቅቤ ዕቃ ተከፍቷል። እጃቸው እስከ ክርን ወዝቶ፣ አንዱን ሹሩባ ከሥሩ ጀምረው እስከ ጫፉ እያሹ፣ ሌላውን እያነሡ፣ አፋርኛ ያንጎራጉራሉ።

«እማማ! ምን አደረጉኝ?»

«ደርቆ ነበር» አሉኝ።

ጮህኩ። አልደብቅም፣ የሰፈሩ ሰው እስኪወጣ ጮህኩ። ክር መሆኑን፣ ክር ቅቤ እንደማይቀባ፣ ነገ ዝግጅት መሆኑን፣ ልጄ አልጋ ሥር መሆኗን፣ ሁሉንም ደባልቄ ጮህኩ። ባጥበውስ? እናቴ ጥጥ ይጠጣል ያለችው እውነቷን ነው፤ የአዋሹ ክር ያን ሁሉ ቅቤ ጠጥቶ አንድ ጠብታ አልመለሰም። ከጥጥ ውስጥ ቅቤ የሚያወጣ ሳሙና ደግሞ ገና አልተፈጠረም።

አዛውንቷ እስክጨርስ ጠበቁኝ። እጃቸውን ግን አላቆሙም።

«ሴት ልጅ ፀጉሯ ደርቆ ሰው ፊት ከወጣች» አሉኝ፣ «እናት የላትም ይላሉ።»

ምን ይባላል? ያኔ ነው ጩኸቴ ልጄን ከአልጋ ሥር ያወጣት። በሩ ላይ ቆማ ሹሩባውን አየች፤ ቀረብ አለች፣ አሸተተችው።

«እማ» አለችኝ፣ «ሰው ሰው ይሸታል።»

ራሷ ላይ አጠለቀችው። እኔም አየሁ። ከቅቤው ክብደት ሹሩባዎቹ ቀጥ ብለው ወርደዋል። የቆመው ሱፍ ተኝቷል፣ የሞተው ጥጥ ወዝ አግኝቷል፣ የባሌ ሰማያዊ ከቅቤው ሥር ገብቶ ጠፍቷል። አጃኢብ! ያን ሁሉ ማለዳ ስለፋበት ክር ሆኖ የቀረው ነገር በአንድ አሮጊት ድርቅና ፀጉር ሆኖ ቁጭ አለ። ይሄን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ቢሰሙ ከጎናቸው መኖር አይቻልም።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ዳስ ተሠርቷል። ሰመራ ውስጥ በሰኔ ቆርቆሮ ሥር ሕዝብ ሰብስቦ ማስቀመጥ የማን ሐሳብ እንደሆነ አላውቅም፤ በደንብ የሚጠላን ሰው ሳይሆን አይቀርም። ልጄ ከፊት ቆመች። ጨርቋን አሸርጣ፣ ጨሌዋን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ሹሩባዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ዘፈኑን አወጣች። ሽንት ቤት ውስጥ ስሰማው የከረምኩት ድምፅ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሌሎቹ ተቀበሏት። መምህሯ ከዳር ሆኖ ሳያውቀው ያጨበጭባል።

ከዚያ ቅቤው መቅለጥ ጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ጠብታ በግንባሯ ወረደ። ቀጥሎ በጆሮዋ ሥር፣ ቀጥሎ በአንገቷ ጨሌውን አልፎ። እኔ ወንበሬ ላይ አነስኩ። አሁን ቆቡ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ አሁን ይስቁባታል፣ ይኸው አሁን፣ እያልኩ አላህን እለምናለሁ። ልጄ ዓይኗ ውስጥ የገባውን ቅቤ በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ሳታቋርጥ ቀጣዩን አወጣች። ከኋላዬ የአፋር እናቶች እልልታውን አቀለጡት።

«ቅቤውን አሳምረው ነው ያጠጡላት» አለች አንዷ።

«ፀጉሯ ታድሎ!» አለች ሌላዋ።

ማንም፣ ማንም አልጠረጠረም። ማን ይጠርጥር? ቅቤ የሚወርድበት ፀጉር ፀጉር ነው። ክር ላይ ቅቤ የሚያፈስ ሰው ከወዴት ይገኛል? ከእኛ ቤት ጎን።

ጭፈራው አልቆ ልጆቹ ወደ ወላጆቻቸው ሲበተኑ ያቺ ጨዋ ሴት ልጇን አስከትላ መጣች። እንደ ልማዷ ፈገግ ብላለች።

«ማሻ አላህ፣ እንዴት ቶሎ በቀለላት!» አለችና አንዱን ሹሩባ ያዝ አደረገች። «ማን ነው የሠራት?»

እኔ ውሸቴን አዘጋጅቻለሁ፤ አዋሽ ያለች ዘመድ ልል ነው። አፌ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከእኔ ጋር ተስማምቶ ነበር። ልጄ ግን ቀደመችኝ።

«እማ ናት!» አለች፣ ዳሱ እስኪሰማ። «በኪሮሽ!»

ነገሩ እንዳልገባቸው ስታይ፣ ሹሩባውን በሁለት እጇ ይዛ ከራሷ ላይ መነጨቀችው። ገልብጣ ውስጡን ለሴትዮዋ ታሳያት ጀመር። «ይሄ ጥጥ ነው፣ አያቴ ናት የፈተለችው። ይሄ የአባቴ ነው፣ ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ይሄኛው ደግሞ ከሎጊያ ነው፣ ያሳክካል።»

የልጄ ራስ፣ ገና እንደ አሸዋ ብቅ ብቅ ባለው ፀጉር ላይ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሰው ሁሉ ፊት ያበራል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ይሄን ራስ ሰው እንዳያይ ነበር እኮ ከሎጊያ እስከ ጅቡቲ ክር ያስለቀምኩት! እሷ ግን ራሷን ረስታዋለች። የእኔን ሥራ ለማሳየት ቸኩላለች፤ ሌላ ምንም አልታያትም።

«ቅቤው የእኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ድርሻቸው እንዳይረሳ።

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት የአፋር እናት ናት። ከዚያ ዳሱ ሁሉ ሳቀ፣ ግን ያ የፈራሁት ሳቅ አልነበረም። ከልጄ ዴስክ የተነሣችው ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እኔም ልሞክረው!»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ የልጄን ራስ አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ ሹሩባውን ተቀብላ በገዛ እጇ ልጇ ራስ ላይ አጠለቀችው።

«አልፈራሽም?» አልኳት። ልተወው አልቻልኩም።

«ድናለች አይደል?» አለችኝ።

«ያኔም ድና ነበር።»

ፈገግታዋ ጠፋ። አንገቷን ደፍታ ልጇ ግንባር ላይ የወረደውን ሹሩባ አስተካከለች። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። ሌላ ልጨምርላት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ዋጥኩት።

ሌሎቹ ልጆች ተንጋግተው መጡ። ሁሉም ራሳቸው ላይ የገዛ ፀጉራቸው አለ፣ ሁሉም ደግሞ የክሩን ይፈልጋሉ። እየተጋፉ፣ እየተነጣጠቁ፣ ዩኒፎርማቸውን ቅቤ በቅቤ አደረጉት። ልጄ በተላጨ ራሷ መሃላቸው ገብታ እጆቿን ዘረጋች።

«ተራ በተራ!» ትላለች፣ በአማርኛም በአፋርኛም። «ተሰለፉ! ተራ በተራ!»

ተሰለፉላት። እሷ ከፊት ቆማለች።